የልባሽ ጨርቆች ሸንጎ

ተረት ተረት!

የላም በረት!

በሀርጌሳ ከተማ አንዲት አሮጊት ነበሩ። የሚኖሩት ስቴት ሃውስ በሚባለው ሰፈር፣ ድሮ የእንግሊዝ ገዥ ግቢ በነበረው ቦታ ነው። ገዥው አገሩ ገባ፣ ቤቱም ፈረሰ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1991 ወዲህ ከስደት የተመለሱ ሰዎች በፍርስራሹ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ። ድርቅ ከብቱን የጨረሰበትና የቤት ኪራይ ያቃተውም እየመጣ ተጠጋ።

የሶማሌ አርብቶ አደር ጎጆ፣ አቃል የሚባለው፣ የሴት ቤት ነው። እናት ለምትድረው ልጇ ታዘጋጀዋለች። ሴቶች ተሰብስበው የግራር ቅርፊት በጥርሳቸው እያኘኩ ቃጫ ያወጣሉ፤ ቃጫውን ከሣር ጋር አዋሕደው ሰሌን ይሠራሉ። የጎበጡ እንጨቶች ያቆሙና ሰሌኑን ያለብሷቸዋል። ግጦሽ ሲያልቅ ቤቱ ተነቅሎ ግመል ላይ ይጫናል። አሮጊቷም ይህን ሙያ ከእናታቸው ተምረውት ነበር።

ነገር ግን በ1988 የሲያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከተማቸውን ሲደበድቡ በእግራቸው ወጡና ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ሀርትሼክ ደረሱ። በሀርትሼክ ሜዳ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚበቃ ሣርም ቅርፊትም አልነበረም። እንጨቱን እንደ ወጉ አቆሙ፤ በሰሌኑ ፈንታ ግን የእህል ጆንያውን፣ የተቀደደውን ሸራ፣ ያለቀውን ቀሚስ ጣጥፈው አለበሱት። ከዚያ ወዲህ የአሮጊቷ እጅ ጨርቅ መጣል ረሳ።

አንድ ዓመት፣ ጉ የሚሉት የሚያዝያ ዝናብ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ የጎጆው ልብስ በሰበሰ። አሮጊቷ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ገበያ ወረዱ። እዚያ አንድ ነጋዴ በበርበራ ወደብ የገባ ልባሽ ጨርቅ፣ እኛ ሳልባጅ የምንለውን፣ ቦንዳ እየፈታ ይሸጥ ነበር። ደኅና ደኅናው እዚያው ሀርጌሳ ይገዛል፤ ሌላው በጨለማ ቶጎ ውጫሌን ተሻግሮ በኮንትሮባንድ ወደ ጅግጅጋና ድሬዳዋ ይሄዳል። ከቦንዳው ሥር የቀረውን፣ ብል የበላውን፣ ቁልፉ የረገፈውንና ጉልበቱ ያለቀውን ግን የሚያየው የለም።

አሮጊቷ «ይህን ስንት ትለዋለህ?» አሉት።

«ኤዶ፣ አክስቴ፣ ይህ እኮ የሚጣል ነው» አለ ነጋዴው። «ጥቂት ሽልንግ በስልክ፣ በዛድ፣ ይላኩልኝና ይውሰዱት። መጠቅለያውንም ያንሡልኝ፤ መንገድ ዘግቶብኛል።»

መጠቅለያው ከላስቲክ ክር የተሠራ፣ በገመድ የተጠፈረ ወፍራም ማዳበሪያ ነበር። ከጎረቤት ሱቅ የሲንጀር መኪና የሚረግጥ ከድሬዳዋ የመጣ ልብስ ሰፊ ይህን አየ። ብድግ ብሎ ጥለቷ የተተረተረ አንዲት ነጠላ፣ አንድ ጥቅል ክርና መርፌ ጨመረላቸው።

አሮጊቷ ሊከፍሉት ሲሉ «ይተዉት እማማ» አለ። «እናንተ በእኛ አገር ስደተኛ ነበራችሁ፤ ዛሬ እኔ በእናንተ አገር እንጀራ ፈላጊ ነኝ።»

ሁሉንም በማዳበሪያው ቋጥረው ወደ ቤት ተሸከሙት። ሲመሽም ማዳበሪያውን ከደጅ ጥለው ጨርቁን በጎጆው መሐል ከመሩትና ተኙ።

እንግዲህ በተረት አገር ጨርቅ ሌሊት ይነጋገራል፤ የሚሰማውም እንቅልፍ ያልወሰደው ልጅ ነው። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ጆሮዋን ከፍታ ነበር።

መጀመሪያ የተናገረው ካፖርቱ ነው። «ነገ ቤት ልንሆን ነው» አለ። «ቤት ደግሞ ላይና ታች አለው። እኔ የሱፍ ነኝ፤ ማርካዬም እነሆ። በሻርጃ መጋዘን ሲለዩን አንደኛ ደረጃ የተባልኩት እኔ ነኝ። በሰው ገላ ላይ ስኖርም ከበላዬ ኮፍያ ብቻ ነበር። ስለዚህ ጣሪያው ለእኔ ይገባል።»

«ማርካ ብሎ ዝም!» አለ ካኔቴራው። «ደረቴ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ሻምፒዮን ይላል።»

ጥንድ የሌለው ካልሲ ከሥር ሆኖ ሳቀ። «ዋንጫውን የወሰደው ሌላው ቡድን ነው! አንተን ያተመህ ፋብሪካ ለሁለቱም ቡድኖች ከጨዋታው በፊት አትሞ ጠበቀ። ያሸነፈው ካኔቴራ እዚያው ተሸጠ፤ የተሸነፈው ድሃ አገር ተላከ። ደረትህ የሚለውን አገሩ ሁሉ ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ የማታውቅ አንተ ብቻ ነህ።»

የወታደር ልብሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ክርክር ቤት አያቆምም። ሥርዓት የሚያስከብር ያስፈልጋል። እኔ ከላይ ሆኜ እጠብቃችኋለሁ።»

ጨርቁ ሁሉ ጸጥ አለ። አንዲት የአፈር ነጠብጣብ ያለባት አሮጌ ሻሽ ግን ዝም አላለችም። እሷ ከቦንዳው አልመጣችም፤ የአሮጊቷ የራሳቸው ነበረች።

«አንተን ከላይ ሆነህ አይተንሃል» አለችው። «በ1988 እኛን የደበደቡት አውሮፕላኖች ከሌላ አገር አልመጡም። ከዚሁ ከሀርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ይህንኑ ከተማ ደብድበው ተመልሰው እዚሁ ያርፉ ነበር። ዛሬ ከነሱ አንዱ ሚግ በከተማው መሐል በሐውልት ላይ ተሰቅሏል። እኔን በዚያ ሰሞን ካሴት ጠቅልለውብኝ ቀበሩኝ። ሰው ዘፈኑንና ግጥሙን ቦምብ እንዳያገኘው መሬት ውስጥ ደበቀው። አሁን በሀርጌሳ የባህል ማዕከል ከአሥር ሺህ የሚበልጡ ካሴቶች ተሰብስበዋል። ይህ አፈር የዚያን ጊዜ ነው፤ በስንት አጠባ አልለቀቀም።»

የወታደር ልብሱ ትንሽ ቆይቶ መለሰ። «ከተማዬን አልደበድብም ብሎ ሚጉን ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ያሳረፈው አብራሪም እንደ እኔ ያለ ልብስ ነበር የለበሰው። በደሉ የጨርቁ አይደለም፤ ፊቱን ወዴት ማዞሩ ላይ ነው።»

«እሱስ እውነት ነው» አለች ሻሿ።

ከዳር የተቀመጠ አንድ ሽርጥ አሳለ። መቀመጫው ላይ ወንፊት ሆኖ ነበር። «እኔን በሥራ ፈት አትዩኝ» አለ። «ያለቅሁት በመቀመጥ ነው። በ1991 ግንቦት ቡርኦ ላይ ሶማሌላንድ ነፃ ነኝ ብላ ስታውጅ ሁሉም ነገር ያበቃ መስሎን ነበር። ዓመቱ ዞር ሳይል እርስ በርሳችን ተታኮስን። ከዚያ ሽማግሌዎች ከየጎሣው ተጠርተው ቦረማ ገቡ፤ በ1993 ከጥር እስከ ግንቦት ተቀመጡ። እኔ ከአንዱ ሽማግሌ ወገብ ላይ ነበርኩ። ሲቆጡ ተነሥተው ይሄዳሉ፤ ማታ በሽማግሌ ይመለሳሉ፤ ጠዋት እንደገና እላዬ ላይ ይቀመጣሉ። መሐመድ ኢብራሂም ኢጋል ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ሽማግሌዎቹም ጉርቲ በሚባለው ምክር ቤት ቦታ ያዙ። ሰላሙ መቀመጫዬን ጨረሰው። አልቆጭም። እና ዛሬም ምክሬ፣ አትቸኩሉ ነው። ዝናቡ ሳይመጣ ተቀምጠን እንነጋገር።»

«እናንተ ተነጋገሩ» አለች ነጠላዋ ጥለቷን እየሰበሰበች። «እኔ ከቦንዳ የወጣሁ አይደለሁም። በእጅ ተፈትዬ በሸማኔ የተሠራሁ ነኝ። ከሰው ልብስ ጋር አልደባለቅም።»

«የት ልትሄጂ ነው ታዲያ?» አላት ጂንሱ። ጉልበቱ ሁለቱም ተቀድዷል። ነጠላዋ መልስ አጣች።

ክርክሩ እስከ ንጋት ዘለቀ። ሽርጡ ቀስ ብለን እንየው ቢል ሰሚ አጣ። ካፖርቱ ለካልሲው ኪሴ ውስጥ ታድራለህ አለው፤ ለካኔቴራው ጽሑፍህ በእኔ ገበር ሥር ይጠበቃል አለው፤ ከክምሩ ውስጥ ለነበረችው የሠርግ ቬሎም ከጎኔ ትሆኛለሽ አላት። ጎኑን የተመኘ ሁሉ ድምፁን ሰጠው። ደጅ የወደቀውን ማዳበሪያ የጠየቀ አልነበረም። እሱ ልብስ አይደለማ! ከባሕር ማዶ እስከ በርበራ፣ ከበርበራ እስከ ሀርጌሳ ሁሉንም አቅፎ ያመጣቸው እሱ መሆኑን ግን ማንም አላሰበውም።

ሲነጋ አሮጊቷ የልጅ ልጃቸውን «ዛሬ አንቺ አልብሺው። እኔ አያለሁ» አሏት።

ልጅቷ ሌሊት የሰማችውን ፈጸመች። ካፖርቱን ዘረጋችና ማርካው እንዲታይ አድርጋ ጣሪያው ላይ አወጣችው። ካኔቴራውን ጽሑፉ ወደ መንገድ እንዲታይ በበሩ በላይ ሰቀለችው። የወታደር ልብሱን ከውስጥ፣ ከመኝታው በላይ አደረገችው። ጎረቤቶች ወጥተው አደነቁ። አሮጊቷ ዝም አሉ።

በሦስተኛው ሌሊት ከናሳ ሀብሎድ ተራሮች በኩል ደመናው ጠቆረ፤ ዝናቡም ወረደ። ሱፍ ውኃ ይጠጣል። ካፖርቱ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ከበደ፤ ከተሸከሙት እንጨቶች አንዱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ጣሪያው ወደ ውስጥ ጎደጎደ፤ በጎድጓዳው የተጠራቀመው ውኃ በመኝታው ላይ ተዘረገፈ። ካፖርቱ ከላይ ሆኖ «ወጥሩኝ! ደግፉኝ!» እያለ ይጮህ ነበር፤ ከሥሩ ያሉት ግን እሱኑ ተሸክመው ጎብጠዋል። ካኔቴራው በንፋስ ተገንጥሎ ሄደ። ልጅቷ ከማሮዲ ጄሕ ደረቅ ወንዝ ዳር፣ ከቁጥቋጦ ላይ ለቅማ ያመጣችው በማግስቱ ነው።

«አየዮ፣ አያቴ፣ አጠፋሁ» አለች።

«ያጠፋሽው ትንሽ ነው» አሉ አሮጊቷ። «ስታለብሺው እያንዳንዱን ጨርቅ ከየት እንደመጣ ጠየቅሽው፤ ምን እንደቀረው ግን አልጠየቅሽውም። ነይ፣ ቁጭ በይ።»

ክምሩን በፀሐይ አስጥተው አንድ በአንድ አነሡ። አስቀድመው ማርካውን ሁሉ በምላጭ ቆረጡ። አልጣሉትም፤ ማርካ ጠንካራ ስለሆነ በጠርዝ እየሰፉ ማንጠልጠያ አደረጉት። ከዚያ ጨርቁን ወደ ብርሃን እያነሡ ያዩት ጀመር።

«ያለቀው ቦታ ታሪኩን ይነግርሻል» አሏት። «ያላለቀው ቦታ ሥራውን ይነግርሻል። ሰው ሁሉ ቀዳዳውን ያያል። ለሰፊ ግን በቀዳዳው ዙሪያ የቀረው ይበልጥበታል።»

ጂንሱን አነሡ። «ይህ ተንበርክኮ የሠራ ሰው ልብስ ነው፤ ጉልበቱ የለም። ኪሶቹን እይ፤ እንደ አዲስ ናቸው።» ኪሶቹን ፈትተው በግድግዳው ላይ ለማንኪያና ለስኳር ማስቀመጫ ሰፏቸው። ወፍራሙን ስፌት ቆርጠው ማሰሪያ አደረጉት።

ካኔቴራውን በመቀስ ዙሪያውን በቀጭኑ ቆረጡትና ሳቡት። ካኔቴራ እንዲህ ሲሳብ በራሱ ላይ ይጠቀለላል፤ ጠንካራ ገመድም ይወጣዋል። ሻምፒዮን የሚለው ጽሑፍ ተበታትኖ በገመዱ ውስጥ ቀለም ብቻ ሆኖ ቀረ። እንጨቱን ከእንጨት ጋር ያሰሩት በሱ ነው። ያለ ጽሑፉ ሲታይ መልካም ጥጥ ነበር።

የምሰሶው ጫፍ የጎጆውን ልብስ እንዳይበሳው ካልሲውን አለበሱት። የቬሎዋን ስስ ጨርቅ ለመስኮት፣ ለወባ ትንኝ መከላከያ ዘረጉት። ሻሿን ከውስጥ ኪስ አድርገው ሰነድና ስልክ ማስቀመጫ አደረጓት፤ አደራ ያወቀ ጨርቅ ነውና። ነጠላዋን ለጎረቤቷ አራስ ልጅ መኝታ ጋረዷት። ነጠላዋም በሕፃኑ ትንፋሽ ስትሞቅ የሸማኔዋን ነገር ማውራት ተወች።

የወታደር ልብሱን ሲያነሡ ክርኑና ጉልበቱ አልቋል። «ይህ በደረቱ የተሳበ ነው» አሉ። «ጀርባው ግን ሙሉ ነው።» ከግድግዳው ሥር፣ ንፋስ አሸዋ በሚወረውርበት፣ ፍየል በሚታከክበት በኩል አስቀመጡት፤ ፊቱንም ወደ ውጭ አዞሩት።

ሽርጡ መቀመጫው ጠፍቷል፤ ጠርዞቹ ግን እንደ ተሠሩ አሉ። አሮጊቷ ጠርዙን በረጅሙ ቀደው በየመጋጠሚያው ላይ አስኬዱት፤ ጨርቅ ከጨርቅ የሚገናኝበት ቦታ ሁሉ በሽርጡ ተሸፈነ። «ቤት የሚያፈስሰው ከመጋጠሚያው ነው» አሏት። «ጥሩ ጥሩ ጨርቅ ሰብስበሽ መጋጠሚያው ካልተሰፋ ቤት አልሠራሽም።»

ካፖርቱ ቀረ። ውኃው ገና እየተንጠባጠበ ነበር። «ጀርባው ደኅና ነው» አሉና በውስጥ በኩል ከመኝታው ጎን ሰፉት። ሀርጌሳ ከባሕር ወለል ከ1,200 ሜትር በላይ ናት፤ ንጋት ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል።

ካፖርቱ ተቆጣ። «አንደኛ ደረጃ ተብዬ ውስጥ ልደበቅ?»

«ደረጃውን የሰጠህ ነጋዴ ነው፤ ሊሸጥህ» አለው ጂንሱ። «ጣሪያው ገዢ አይደለም።»

«አየዮ፣ ከላይ ማን ይሁን ታዲያ?» አለች ልጅቷ።

አሮጊቷ ወደ ደጅ ወጡና ጭቃ የያዘውን ማዳበሪያ አነሡ፤ ገመዱን ፈትተው አራገፉት። «ይህ ውኃ አይጠጣም» አሉ። «ኮሌታ የለውም፣ ቁልፍ የለውም፣ ማንም ለብሶት ሠርግ አልሄደም። ግን የወረደበትን ሁሉ ወደ መሬት ያወርደዋል። ልጄ፣ ጣሪያ ላይ መውጣት ሹመት የሚመስለው ከታች ሆኖ ለሚያይ ነው። ዝናቡ ሲመጣ ቀድሞ የሚመታው እሱ ነው፤ ፀሐዩም ቀድሞ የሚያነደው እሱን ነው። ተመትቶም በሥሩ ያሉት እንዲደርቁ ማድረግ ካልቻለ ሸክም ነው።»

ማዳበሪያው ጣሪያ ላይ ወጣ። የዚያ ሰሞን ዝናብ ሁሉ በጀርባው ወረደ፤ ጎጆውም አንድ ጠብታ አላስገባም። ሌሊት ጨርቆቹ ሲያወሩ እሱ ከላይ ዝም ይላል። ንጋት ላይ ብርዱ ሲበረታ ልጅቷ ወደ ካፖርቱ ተጠግታ ትተኛለች፤ ካፖርቱም ለሰው እንዲህ ቀርቦ አያውቅምና ቀስ በቀስ ቦታውን ለመደው።

ተረቱ እዚህ ላይ ያለቀ የመሰለው ተሳስቷል።

ዝናቡ እንዳባራ አንድ ባለጸጋ ከውጭ አገር መጣ። ከመኪናው ወርዶ ጎጆውን ዞሮ ዞሮ ተመለከተ። «ይህ እኮ ጥበብ ነው!» አለ። «እንዳትነኩት። ቆርቆሮ አስገብታችሁ እንዳታበላሹት። እንግዳ እያመጣሁ አሳያለሁ።»

አሮጊቷ ሻይ አቀረቡለት። «ልጄ፣ ካማረህ ዛሬ እደርበት» አሉት።

አደረ። ሌሊት ፍየል በጆሮው በኩል ግድግዳውን አከከችበት። ጎረቤት ከሰል ሲያቀጣጥል ፍንጣሪ ታየውና ብድግ አለ። አሮጊቷም ነቅተው ነበር። «አይዞህ፣ እኛም እንዲሁ ነው የምንነቃው» አሉት። «በሚያዝያ 2022 ዋሂን ገበያ በአንድ ሌሊት ሲነድ አይተናል። ያ ሁሉ ሱቅ ካልዳነ ጨርቅ ምን ይቆያል?»

ጠዋት ባለጸጋው ስለ ቆርቆሮ አላነሣም።

አሮጊቷ እንዲህ አሉት፦ «እጄን አድንቅልኝ፤ ደስ ይለኛል። ችግሬን ግን አታድንቅብኝ። ጣጥፌ ቤት የሠራሁት ሌላ ስላጣሁ ነው። ጥበብ ትወድ እንደሆነ ለግድግዳህ የሚሆን እንሥራልህ፤ በዋጋው ግዛን። ቤታችንን ግን መርጠን እንድንሠራው ተወን።»

ባለጸጋው አፍሮ እሺ አለ፤ ግማሹንም አስቀድሞ ከፈለ።

ድሬዳዋዊው ልብስ ሰፊ ይህን ሲሰማ ለልጅቷ ወሬ አመጣላት። «በአዲስ አበባ ኤልያስ ስሜ የሚባል ሠዓሊ አለ» አላት። «የተጣለ ቁልፍና ክር፣ በኋላም የኮምፒዩተር ሽቦ እያሰባሰበ ትልልቅ ሥዕል ይሠራል፤ ሥራው ውጭ አገር በታላላቅ ሙዚየሞች ተሰቅሏል። መርካቶ ውስጥ ደግሞ ምናለሽ ተራ የሚባል አለ፤ ከዚያ የሚጣል ነገር አይወጣም፤ ቆርቆሮው ምድጃ፣ ጎማው ጫማ ይሆናል። አንቺም መኪናዬ ላይ ከሰዓት በኋላ መሥራት ትችያለሽ። ኪራይ አልጠይቅም፤ ስትሸጪ ክሩን ትተኪልኛለሽ።»

ልጅቷ ሠራች። ከጂንስ ቦርሳ፣ ከካኔቴራ ገመድ ምንጣፍ፣ ከተረፈው እራፊ አሻንጉሊት ወጣ። ከቦርሳውና ከምንጣፉ የተገኘው ገንዘብ ከባለጸጋው ክፍያ ጋር ተጠራቀመና ቆርቆሮና አጣና ተገዛ። ጎጆው ተፈታ፤ ባለ ቆርቆሮ ቤት ቆመ።

ጨርቆቹ እንደገና ክምር ሆኑ፤ ፍርሃትም ያዛቸው። «ዳግመኛ ልንጣል ነው» አለ ካልሲው።

«አትጣሉም» አለች ልጅቷ፤ አሁን በቀጥታ ታነጋግራቸው ጀምራለች። «የባለጸጋውን የግድግዳ ሥዕል የምሠራው ከእናንተ ነው። ከተማዋን እሠራለሁ፤ ተራራውን፣ ወንዙን፣ ገበያውን፣ ጎጆውን።»

ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። ሥዕሉ የሚሰቀለው ጥሩ ቤት ውስጥ ነው፤ ዝናብ የለም፣ ፀሐይ የለም፣ ፍየል የለም። ካፖርቱ ወዲያው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሥዕልም ላይና ታች አለው» አለ። «እኔ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ዝናብ የተመታሁ ነኝ። የተሰበረው እንጨት ይመስክር። ስለዚህ የሥዕሉ ላይ ይገባኛል።»

ካኔቴራው «ቤቱን አስሬ የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ። የወታደር ልብሱ «ያ ሁሉ አሸዋ በማን ላይ ተወረወረ?» አለ። ቬሎዋም ተነሣች። ሽርጡ እንኳ «ዕድሜዬ ታይቶ...» ብሎ ጀመረ። ዝናብ በሚወርድበት ጊዜ ጣሪያውን የሸሸ ሁሉ፣ ዝናብ በሌለበት ጊዜ ከላይ ለመሆን ተጋፋ። እያንዳንዱም የዚያን የዝናብ ወቅት ታሪክ እንደገና ይናገር ጀመር፤ በእያንዳንዱ ታሪክ ውስጥ ከላይ የነበረው ተናጋሪው ራሱ ነው።

ልጅቷ ወደ አያቷ ዞር አለች። አሮጊቷ ምንም አላሏትም፤ ዓይናቸውን ወደ ውኃው ባልዲ ላኩ።

ልጅቷ ገባት። ባልዲውን ሞላችና ከክምሩ ፊት አስቀመጠችው። «መልካም» አለች። «የሥዕሉን ላይ የሚፈልግ ይምጣና ይሰለፍ። አስቀድሜ ይህን ባልዲ እላዩ ላይ አፈስሳለሁ። ውኃውን ጠጥቶ የከበደ ወደ ታች ይወርዳል። ውኃውን ከሥሩ ወዳሉት ያሳለፈም ወደ ታች ይወርዳል።»

ካፖርቱ ኮሌታውን አጠፈ። ካኔቴራው ገመዱን ሰበሰበ። ሽርጡ «ነገሩን ቁጭ ብለን እንየው» አለ። የወታደር ልብሱ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ፤ እሱስ ሥራውን ያውቃል።

ከወደ ጥግ፣ ፀሐይ ያነጣው፣ ጠርዙ የተበላ ማዳበሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «አፍስሺ» አለ። «ለላዩ ብዬ አይደለም። ልማዴ ነው።»

ልጅቷ ባልዲውን ወደ ገንዳው ገለበጠችው፤ የታወቀን ነገር መፈተን ውኃ ማባከን ነው። ከማዳበሪያው ያልተበላውን መሐሉን ቆረጠችና ሰማይ አደረገችው፤ በከተማው በሙሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ካፖርቱን ተራራ አደረገችው፤ ተራራም ክብር ነውና ዝም አለ። የወታደር ልብሱን በከተማው ዳርቻ፣ ሽርጡን በየሰፈሩ መጋጠሚያ መንገድ አድርጋ አስኬደችው።

ባለጸጋው ሥዕሉን ሲረከብ «ሰማዩ ከምን ሐር ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ቦንዳ የሚታሰርበት ማዳበሪያ ነው» አለችው። ቀሪውን ክፍያ ተቀበለችና ለልብስ ሰፊው ክሩን ተካችለት።

እናንተም በየመንደራችሁ፣ በየሸንጎአችሁ «ላዩ ይገባኛል» የሚል ሲነሣ ትውልዱን፣ ማርካውንና ደረቱ ላይ የተጻፈውን አትጠይቁት። ባልዲ አምጡ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ!